ከሰማያዊው ማሰሪያ ውስጥ፦ የባለ አንድ ዶላር ኖት ፍተሻ ማስታወሻ

ኅዳር 7

ነገሩ የተጀመረው በጉርሻ ነው። የምሠራው ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አሁን አሁን ሰው ሁሉ በካርድ ስለሚከፍል ጥሬ ገንዘብ የምነካው ጉርሻ ሲደርሰኝ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ቁልፋቸውን ሲቀበሉኝ እጄ ላይ ያለውን ዝርዝር አዩና «ያቺን አንድ ዶላር በአምስት ትሸጥልኛለህ?» አሉኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ሊያታልሉኝ ነው» የሚል ነበር። ግን በአንድ ዶላር ማን ይታለላል? ሸጥኩላቸው።

አምስቷን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ምን እንዳዩባት ጠየቅኳቸው። የኖቷ መለያ ቁጥር መጨረሻ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ፊደል መኖር ባለበት ቦታ ትንሽዬ ኮከብ ተቀምጣለች። «ይቺ ተተኪ ናት» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

አሥራ ሁለት ዓመት ዶላር ስቆጥር ያቺን ኮከብ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየኋትም።

ኅዳር 9

ባንክ ሄጄ ሦስት መቶ ዶላር በአንድ አንድ ዶላር ጠየቅኩ። መቶ ባለ አንድ ዶላር ኖት የሚታሰረው በሰማያዊ የወረቀት ማሰሪያ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ «አዲስ ይሁን አሮጌ?» አለችኝ። አዲስ ብዬ ልመልስ ስል ቆም አልኩ። አዲስ እስር ውስጥ ያሉት ኖቶች ቁጥራቸው ተከታታይ ስለሆነ አንዱን ማየት መቶውን እንደማየት ነው። ኮከብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ኮከብ ነው፣ ካልሆነም አንድም ላይገኝ ይችላል። አሮጌው ግን ከየአገሩ የተቀላቀለ ነው። «አሮጌ» አልኳት። ግር ብሏት አየችኝ።

ማታ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስጀምር ባለቤቴ መጣች። «ምንድን ነው፣ አዝማሪ ልትሸልም ነው?» እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት ይህን ያህል አንድ ዶላር የሚታየው ሠርግ ሲቃረብ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን መቶ ለማየት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እያንዳንዷን ከጫፍ ጫፍ ሳነብ ነበር። ሦስተኛው ላይ ዘዴው ገባኝ። ቁጥሩ ኖቷ ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ ቀኝ ላይኛው ጥግና ግራ ታችኛው ጥግ። እስሩን በግራ እጅ ይዞ በቀኝ አውራ ጣት ቀኝ ጫፉን ብቻ እያንሸራተቱ የቁጥሩን መጨረሻ ማየት ይበቃል። ዐይን ፊደል ፊደል ይላመድና ኮከብ ስትመጣ እንደ ጠጠር ትቆረቁረዋለች። መቶውን በስምንት ደቂቃ ጨረስኩ።

ውጤት፦ ከሦስት መቶ ኖት አንዲት ኮከብ።

ስለ ኮከቧ ያነበብኩት ይኸው ነው። የአሜሪካ ማተሚያ ቤት ኖት የሚያትመው በሉህ ነው፤ መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ፊቱን፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ቁጥሩንና ማኅተሙን። በዚህ መሀል ሉህ ከተበላሸ ይወገዳል። የጎደለውን ያንኑ ቁጥር እንደገና አትሞ መሙላት አድካሚ ስለሆነ፣ ለብቻው ተቆጥሮ የተዘጋጀ ባለ ኮከብ ሉህ ይተካበታል፤ ድምሩ አይዛነፍም። አሠራሩ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስለዚህ ኮከብ ያላት ኖት ሁሉ አንዲት ሌላ ኖት በሕትመት ላይ እንደቀረች ትመሰክራለች። ይህ ደስ አለኝ። አብዛኞቹ ኮከቦች ግን ከአንድ ዶላር በላይ አያወጡም። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት በአንድ ዙር ከ640,000 በታች የታተሙ ሲሆኑ ነው፤ ኖቷም ካልታጠፈች ካልተጨማደደች።

ኅዳር 15

አምስት እስር። ሦስት ኮከብ፣ ሁለቱ ድሪቶ የመሰሉ።

ፊደሎቹን አሁን ያለ መጽሐፍ አነባለሁ። ከጆርጅ ዋሽንግተን ምስል በስተግራ ያለው ጥቁር ክብ ውስጥ የተጻፈው ፊደል ኖቷ የየትኛው የፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ክልል ባንክ እንደሆነች ይነግራል። ኤ ቦስተን፣ ቢ ኒው ዮርክ፣ ሲ ፊላደልፊያ እያለ እስከ ኤል፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ አሥራ ሁለት ናቸው። እኛ የሪችመንዱ ባንክ ክልል ውስጥ ስለሆንን እጄ የሚገባው ብዙው ኢ ነው። ታች በስተቀኝ ካለው ደቃቅ ቁጥር አጠገብ «ኤፍ ደብሊው» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ ኖቷ የታተመችው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ነው። ከሌሉ እዚሁ ዋሽንግተን፣ 14ኛው ጎዳና ላይ ባለው ሕንፃ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ቱሪስት እየጫነ በየቀኑ በሩ ላይ ያወርዳል፤ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። እኔም እንደዚያው።

ቁምነገሩ ሌላ ነው። በ2013 እትም፣ የኒው ዮርክ ቢ፣ ባለ ኮከብ ኖቶች ላይ ትልቅ ስህተት ተሠርቷል። ዋሽንግተን በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ያተመቻቸውን ቁጥሮች ፎርት ዎርዝ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. እንደገና አተመቻቸው። ከ00000001 እስከ 00250000፣ ደግሞ ከ03200001 እስከ 09600000 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኖት ላይ አሉ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንትዮች ማለት ነው፤ አንዷ «ኤፍ ደብሊው» ያላት፣ ሌላዋ የሌላት። የአሜሪካ ገንዘብ መሠረቱ በአንድ እትምና በአንድ የገንዘብ መጠን ውስጥ አንድ ቁጥር ለአንድ ኖት መሆኑ ነው፤ እነዚህ ግን ከመንግሥት ማሽን የወጡ እውነተኛ ኖቶች ሆነው ቁጥር ይጋራሉ። ሰብሳቢዎች ያገኙትን ቁጥር የሚያስመዘግቡበትና መንትያ የሚያፈላልጉበት መዝገብ ከፍተዋል።

ቲክቶክ ላይ ይህን እያነሱ «ኪስህን ፈትሽ፣ ባለጸጋ ነህ» የሚሉ አሉ። ብቻዋን ያለች ኖት ባለጸጋ አታደርግም። ዋጋው ያለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ኅዳር 23

ያሳፍራል ግን ይጻፍ። ከሦስቱ ኮከቦች አንዷ ጥሩ ነበረች፤ መሀል ላይ አንዴ ብቻ የታጠፈች፣ ወረቀቷ ገና የሚንኮሻኮሽ። እጥፋቷን ላስተካክል ብዬ በነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ ለብ ባለ ካውያ ተኮስኳት። ቀጥ አለች፤ ደስ አለኝ።

ቨርጂኒያ አንድ የሳንቲምና የኖት ነጋዴ ጋ ይዣት ሄድኩ። ሰውዬው ኖቷን አላነበባትም እንኳ። መብራቱን ዝቅ አድርጎ ከጎን አበራባትና ወዲያ ወዲህ አዘነበላት። «ተጭናለች» አለኝ። ቁጥሩና ማኅተሙ የሚታተሙት ወረቀቱን በጠንካራ ፊደል በመምታት ነው፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ በጣት የሚዳሰስ እብጠት ይተዋል። ሌላ ያልተነካች ኖት አውጥቶ በዚያው መብራት አሳየኝ፤ የስምንቱ አኃዞች ጥላ ከጀርባ ልክ እንደ ጠባሳ ይታያል። የእኔዋ ላይ ሜዳ ነው። ካውያው እጥፋቱን ብቻ ሳይሆን የማሽኑንም አሻራ ደፍጥጦታል። እጥፋቷን ብተዋት ይሻል ነበር።

አዘነልኝ መሰለኝ፣ መሳቢያ ከፍቶ አንድ ጥቅል ባለ አንድ ዶላር አሳየኝ። የ1963ቢ እትም ናቸው፣ ጆሴፍ ባር የሚባል የገንዘብ ሚኒስትር የፈረመባቸው። ሰውዬው ሥልጣን ላይ የቆየው ከታኅሣሥ 21 ቀን 1968 እስከ ጥር 20 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንድ ወር። ሕዝቡ «አንድ ወር ብቻ የሠራ ሰው ፊርማ ብርቅ ይሆናል» ብሎ በየቤቱ ደበቀ። ፊርማው ያለበት ኖት ግን ከ450 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። ሁሉም ስለደበቀ ሁሉም ጋ ንጹሑ አለ። አንዷን በሦስት ዶላር ገዛሁት፣ ለትምህርት።

ታኅሣሥ 1

ዛሬ የዕቁብ ቀን ነበር። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ዳኛችንን አስፈቅጄ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የተሰበሰበውን መቶ መቶ ዶላር አንድ በአንድ አየሁት። «ጸሐፊያችን ፖሊስ ሆነ» ተባልኩ።

አርባ ኖት ውስጥ ሦስቱ ላይ ትንንሽ የቀለም ማኅተም አገኘሁ። አንዱ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀስት፣ ሐምራዊ። ሌላው ላይ ግማሽ ጨረቃ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ማኅተም ተደራርቦ ምን እንደሆነ አይለይም። ማተሚያ ቤቱ የለበትም፤ የሰው እጅ ነው።

አንዷ አባላችን ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። ስታይ ወዲያው አወቀችው። «መንዛሪው መስኮት ላይ ሆኖ ይቆጥርና ጠብ ያደርግባታል። ነገ ሐሰተኛ ሰጠኸኝ ብትይው፣ የእኔ ምልክት የታለ ይልሻል።» ልማዱ የቆየ ነው። የቻይና ነጋዴዎች በብር ሳንቲም ዘመን የስፔንና የአሜሪካ ዶላሮችን ፈትነው ሲያበቁ ምልክታቸውን በብረት ይመቱባቸው ነበር፤ ያ ነው ወደ ወረቀት የተሻገረው። በብዛት መቶው ላይ የሚታየውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመቶ ዶላር ኖቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሜሪካ ውጭ እንደሚኖሩ የፌደራል ሪዘርቭ ጥናቶች ይገምታሉ። ቤት የሚመለሱት ማኅተም ተመትቶባቸው ነው።

ቀስቷን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለው የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ ይሄን እንዳትልክብን። ጥቁር ገበያ ላይ ምልክት ያለበት ወይ አይወስዱትም ወይ ይቀንሱበታል።» አንዱ መንዛሪ «እውነተኛ ነው» ብሎ የመታው ማኅተም ሌላው መንዛሪ ጋ ሲደርስ ጉድለት ይሆናል። የኖት ነጋዴውም እንደዚያው ነው፤ ማኅተም ካለበት ቆሻሻ ነው የሚለው።

በሦስት መቶ ዶላር የራሴን ንጹሕ ኖቶች ቀይሬ ሦስቱንም ወሰድኳቸው። ባለቤቴ አልሰማችም።

ታኅሣሥ 10

ስድስት እስር። ሁለት ኮከብ፣ ሁለቱም አሮጌ። ጀርባዬን አመመኝ።

አንዷ ኖት ላይ «ጆርጅ የት ነው» ዓይነት የድረ ገጽ ማኅተም አለ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው፤ ሰዎች የኖታቸውን ቁጥርና ያሉበትን ቦታ ይመዘግባሉ፣ ቀጥሎ ያገኘው ሰው ይቀጥላል። ቁጥሩን አስገባሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ኦሃዮ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ዝም። «ዋሽንግተን፣ ከምድር በታች» ብዬ ጨመርኩበትና ቡና ገዛሁባት።

ታኅሣሥ 20

ለገና ቤት ሲጸዳ የእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ከሞተች በኋላ ወንድሜ ነው ያመጣልኝ፤ ስንት ዓመት ሳልከፍተው ቆየ። ውስጡ የጥምቀት ካርድ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ በላስቲክ የታሰረ ብር። ላስቲኩ ስነካው ፈረሰ።

አብዛኞቹ ደርግ በ1969 ያወጣቸው ባለ አንድ ብር ናቸው። ከታች ግን አንዲት የጃንሆይ ብር አለች። አጉሊ መነጽሬን አመጣሁ። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ የጃንሆይ ምስል፣ በአማርኛው «ብር» በእንግሊዝኛው «ዶላር»። ይህ ገንዘብ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው፣ በጃንሆይ የልደት ቀን፤ የታተመውም እዚሁ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ። ከእኔ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እናቴ ወሎ የገዛችበት ብር ከእኔ ሰፈር ነው የሄደው።

ለሰብሳቢ ዋናው ፊርማው ነው። የመንግሥት ባንኩ ገዥዎች ያኔ አሜሪካውያን ስለነበሩ በላቲን ፊደል ነው የፈረሙት። መጀመሪያ ጆርጅ ብሎወርስ፣ ቀጥሎ ጃክ ቤኔት፣ ከዚያ ዋልተር ሮዜል። ያው ሥዕል፣ ያው ቀለም፣ ያው ወረቀት፤ ካታሎጉ ግን ሦስት ዓይነት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የእኔዋን ለማንበብ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ወረቀቱ እንደ ሻሽ ሳስቷል። ቤኔት።

ገልብጬ ሳይ ጥግ ላይ በኮፒያ እርሳስ ሁለት ቃል ተጽፏል። ያቺ ውኃ ሲነካት ወይን ጠጅ የምትሆነዋ እርሳስ ናት። «የበግ ነው» ይላል። የእናቴ ጽሕፈት አይደለም፤ እሷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በኋላ። ምናልባት አባቴ ለበዓል በግ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ይሆናል። ታዲያ በጉስ አልተገዛም ማለት ነው?

ኖት ነጋዴው ቢያያት ምን እንደሚል አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፍ፣ ዋጋ ይቀንሳል። ላጲስ አለኝ። አልነካትም።

ጥር 4

አገኘሁ።

ሥራ ቦታ፣ በጉርሻ፣ አንድ እስር ሳልፈታ። ቢ፣ ኮከብ፣ 2013። ቁጥሯ በ05 ይጀምራል፣ ስለዚህ መንትያ ካላቸው ቁጥሮች መሀል ናት። እጄ መንቀጥቀጡን ሳያቆም የታችኛውን ቀኝ ጥግ በስልኬ ካሜራ አጎላሁ። ቁጥሩ ብቻ፤ «ኤፍ ደብሊው» የለም። የዋሽንግተን ናት፣ የ2014ቱ። ከዚህ ማቆሚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ከማይሞላ ቦታ ተነሥታ አሥር ዓመት የት የት ስትዞር ኖራ ጉርሻ ሆና መጣችልኝ።

መልኳ ግን ወየው። ሁለቴ ታጥፋለች፣ ቀኝ ጠርዟ ላይ የጥፍር ታህል ቅድ አለ፣ ከፎቶው በላይ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ 4 ቁጥር ጽፎባታል። ካውያውን አሰብኩትና ሳቅኩ። እንዳለች ፕላስቲክ ውስጥ ገባች።

ማታ መዝገቡ ላይ አስገባኋት። መንትያዋ አልተመዘገበችም። ቴክሳስ የታተመችው እህቷ የአንዱ ቦርሳ ውስጥ ትሆናለች፣ ወይ ደግሞ አርጅታ ፌደራል ሪዘርቭ ውስጥ ተከታትፋለች። አሮጌ ኖት ባንክ ሲደርስ ማሽን እየለየ ይከትፈዋል፤ በየዓመቱ የሚከተፉት መንትዮች ስለሚበዙ የመገናኘት ዕድላቸው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ለእናትና ልጅ ፍለጋ ሬዲዮ ላይ የሚወጣውን የአፋልጉኝ ማስታወቂያ አስታወሰኝ።

እስካሁን ቆጠራው ወደ 1,900 ኖት፣ አሥራ አንድ ኮከብ፣ አንዲት መንትያ።

ጥር 13

የልደት ኖት የሚባል ነገር አለ። ቁጥሩ ስምንት አኃዝ ስለሆነ እንደ ቀን ሊነበብ ይችላል፤ ሁለት ለወር፣ ሁለት ለቀን፣ አራት ለዓመት። ሰው የራሱን ይፈልጋል። እኔ ከምፈትሸው ክምር የተወሰነ ቀን ማግኘት በሰማይ ላይ መርፌ መፈለግ ነው፤ ግን የሚለቅሙና ኢንተርኔት ላይ በየቀኑ ለይተው የሚሸጡ አሉ።

ታናሿ እህቴ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ነው። ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት። ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ስጦታም የምንሰጣት በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ታማርራለች። እንዲያው ለሙከራ 06131983 ብዬ ፈለግኩ።

አለ! አንድ ሻጭ፣ አሥራ ስምንት ዶላር፣ ንጹሕ ኖት። ማስታወቂያው «ጁን 13 ቀን 1983 ለተወለደ ወዳጅዎ» ይላል። ለሰውዬው ስድስተኛ ወር፣ አሥራ ሦስተኛ ቀን ነው። ለእኔ ስድስተኛ ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሰው ኖቷን በሌላ በኩል ያነባታል። የመላኪያ አራት ዶላር ጨምሬ ገዛኋት፤ በዚህ ሥራ ካወጣሁት ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው።

የካቲት 2

መንትያዋ አሁንም የለችም። አራት እስር ፈትሼ አንድ ኮከብ።

የልደቷን ኖት ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ጓደኛዬ ሰጥቼ ነበር፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ጀርባው ላይ ሁለቱንም አነባበብ ጽፌ። ዛሬ እህቴ በድምፅ ላከችልኝ። መጀመሪያ ሳቀች። ሻጩ ሰኔ መሆኑን ብቻ አይቶ ጳጉሜን አጠገቡ እያለች አለማወቁ አስቋታል። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ የምልህ፣ ምልክት ምናምን የለበትም አይደል?» አለችኝ።

«የለበትም፣ ንጹሕ ነው። ምነው?»

«አይ፣ የአጎታችን ልጅ እንዳትመነዝሪው እያለ ነው። ንጹሕ ከሆነማ ይመነዘራል ማለት ነዋ።»